የደቻቱ አሸዋ ቡድን፦ አብሮ አደጎች የልጅነት ቡድናቸውን ታሪክ ያጣሩበት መንገድ

ፎቶው ከመዳፍ ያንሳል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያወጣ፣ አንዱ ጥግ ውሃ የነካው። ዐሥራ አንድ ልጆች በሁለት ረድፍ ተሰልፈውበታል። የፊተኞቹ ተንበርክከዋል፤ ከፊታቸው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የቆዳ ኳስ አለ። ደረታቸው ላይ «ቀበሌ» የሚል ጽሑፍ ተሰፍቷል፤ የቀበሌው ቁጥር ግን ውሃው የነካው ቦታ ላይ በመዋሉ አይነበብም።

ፎቶው በድሬዳዋ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ አብሮ አደጎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «የ1968 ቡድናችን» ተብሎ ተለጠፈ። በቡድኑ ውስጥ 14 ሰዎች አሉ። ግማሾቹ ድሬዳዋ፣ የቀሩት አዲስ አበባ፣ ጅቡቲና ውጭ አገር ናቸው። ዕድሜያቸው 60ን የተሻገረ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ናቸው። ለመገናኛቸው ቀን ሁለት ነገር አስበው ነበር፦ የልጅነት ኳስ ቡድናቸውን ታሪክ የያዘ አንድ ገጽ ጽሑፍ እና የአንጋፋዎች ግጥሚያ። ግጥሚያው ቀላሉ ሆነ። ጽሑፉ ግን ቡድኑን ማን መሠረተ፣ በረኛው ማን ነበር፣ የመጋላ ሰፈርን ስንት ለስንት አሸነፍን በሚል ጭቅጭቅ ሁለት ወር ባለበት ቆመ።

የመጀመሪያው ስህተት የፎቶው አለጣጠፍ ነው። ፎቶው ከነዓመተ ምሕረቱ ስለወጣ፣ ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ «1968 ላይ» እያለ መጀመር ጀመረ። ከዚያ በፊት ዓመቱን ጠርቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እርግጠኛ ሆነ። ሁለተኛው ስህተት ቶሎ የሚጽፍና ብዙ የሚጽፍ ሰው የሌላውን ትዝታ መሸፈኑ ነው። በየቡድኑ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም፤ እዚህ የግራ ክንፉ ነበር። እሱ ጎል ማን እንዳገባ ከተናገረ በኋላ «አቦ እኔ እንደዚያ አላስታውስም» ለማለት የደፈረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጥያቄው ዓይነት ነው። «ማን ነበር ጎበዝ?» «ስንት ለስንት?» ተብሎ ከተጀመረ የሚመጣው መረጃ ሳይሆን ክብር ነው።

ከመካከላቸው ጡረታ የወጣ መምህር ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ሐሳብ አቀረበ። ፎቶውን ያላዩ ወይም አይተው ልብ ያላሉ ሰባት ሰዎች ተለዩ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በስልክ ድምፅ እየተቀዱ ተጠየቁ። ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሲሆን ቅደም ተከተሉም አልተቀየረም፦ ሜዳውን በወረቀት ሣል፤ ጎሉ ከምን ነበር፤ ኳሱ ከምን ተሠራ፤ እግርህ ላይ ምን ነበር፤ ጨዋታው የሚያልቀው ምን ሲሆን ነው፤ ከአጠገብህ ማን ይቆም ነበር። ውጤትና ጎበዝ ተጫዋች የተጠየቀው መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ ሊዘጋ ሲል ነው። ጠያቂው የማንንም መልስ ለሌላው እንዳይናገር ተስማሙ። ከዚህ ሁሉ የጠቀመው ይህ ዝምታ ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። በውጤትና በጎል አግቢ ሰባቱም ተለያዩ። በሜዳው፣ በኳሱና በሕጉ ግን ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ የተገነባው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።

ሜዳውና ሕጉ

ሜዳው የደቻቱ አሸዋ ነው። ደቻቱ የከዚራን ሰፈር ከመጋላ ሰፈር የሚለይ፣ ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ የሚከርም ወንዝ ነው። ውሃ የሚመጣው ደጋው ላይ ሲዘንብ ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ከሰባቱ አምስቱ ሳይጠየቁ «ደንገጎ በኩል ደመና ካለ አንወርድም» ብለዋል። በዚያ ዘመን ይህ የሜዳው የመጀመሪያ ሕግ ነበር። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ያየ ድሬዳዋዊ ልጆቹ ለምን እንዲህ ይጠነቀቁ እንደነበር ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ስፋቱ የትልቁ ልጅ አምስት እርምጃ። አግዳሚ የለም። ከበረኛው የተዘረጋ እጅ በላይ ያለፈ ኳስ ጎል አይደለም። ስለዚህ አጭር በረኛ ማቆም የቡድኑ ጥቅም ነበር፤ ሁለቱም ወገን ይህን ያውቃል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሳል። በአንድ በኩል ወሰኑ የወንዙ ዳር ነው፤ ኳሱ ዳሩን ነክቶ ሲመለስ ጨዋታው አይቆምም። በሌላ በኩል ወሰን የለም፤ አሸዋው እስካለ ይሮጣል። ሦስት ኮርና (የማዕዘን ምት) እንደ አንድ ሪጎሬ (ፍጹም ቅጣት ምት) ይቆጠራል። ዳኛ የለም፤ እጅ የነካው ራሱ ካላመነ ጨዋታው ይቆማል።

ጨዋታው የሚያልቀው በሰዓት አይደለም፤ መጀመሪያ ዐሥር ጎል ያገባ ቡድን ያሸንፋል። ይህ ነጥብ ሲታወቅ ቀደም ብሎ ብዙ ያጨቃጨቀው ነገር ተፈታ። የቀኝ ክንፉ መጋላን 10 ለ8 አሸነፍን ሲል «አጋነነ» ተብሎ ተሳቆበት ነበር። በዐሥር ጎል በሚያልቅ ጨዋታ ግን 10 ለ8 ያልተለመደ ውጤት አይደለም። የሚያጠራጥረው «2 ለ1» የሚል ትዝታ ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት በሰዓት ከሚመራ፣ ዳኛ ካለው የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ ውድድር ሊመጣ ይችላል እንጂ ከአሸዋው አይመጣም። በዚህ መንገድ በአንድ ላይ ተደባልቀው የነበሩ ሁለት ግጥሚያዎች ተለያዩ። የልጅነት ጨዋታ ውጤት ሲጻፍ አስቀድሞ ሕጉ መታወቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ መዋጮውም ተጠይቋል። የተቃራኒ ሰፈር ግጥሚያ በገንዘብ ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ዐሥር ሳንቲም፤ በየወገኑ ስምንት ልጅ ቢሰለፍ 80 ሳንቲም ይሆናል። ገንዘቡን የሚይዘው ከሁለቱም ያልሆነ ትልቅ ልጅ ነው። ገንዘብ ያዡ እንደ ተሰወረ የሚያወሱት አራቱ ናቸው፤ መቼ እንደሆነ ግን አራቱም የተለያየ ዓመት ሰጥተዋል።

ኳሱ

የኳሱ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ ሰጠ፤ ስለዚህ አብሮ አደጎቹ ሲገናኙ አንዱን እንደገና ሠሩት። አሠራሩ እንዲህ ነው። እምብርቱ የልጅ ቡጢ የሚያህል፣ ጥብቅ ብሎ የተጠቀለለ ደረቅ ጨርቅ ነው። ከዚያ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የተቀደዱ ጨርቆች እንደ ክር ይጠነጠናሉ፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በመስቀለኛ። ሦስት አራት ዙር ከሄደ በኋላ ከብስክሌት ካላማዳሪ በተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ይታሰራል።  በመጨረሻ የትልቅ ሰው ረጅም ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ የካልሲው አፍ ይጠመዘዛል፣ ይገለበጣል፣ ድጋሚ ኳሱን ያለብሳል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ይደረግና ጫፉ በመርፌ ይሰፋል። ቋጠሮ አይደረግም። ባዶ እግር የሚመታው ልጅ ቋጠሮውን ሲመታ የሚሆነውን ያውቃል።

እንዲህ የተሠራው ኳስ ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። መደበኛው የአዋቂ ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ410 እስከ 450 ግራም ነው።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። እምብርቱ ከመሀል ከሸሸ እየተወላገደ ይንከባለላል፤ ይህ የሚሆነው ሁሉም ዙር በአንድ አቅጣጫ ሲጠነጠን ነው። ላስቲኩ ካልገባበት በአንድ ከሰዓት ውስጥ ይላላል። እርጥብ አሸዋ ላይ ከዋለ ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ይከብዳል፤ ማታ ፀሐይ ስለሌለ አይደርቅም፣ በማግሥቱ ይሸታል። የአንዱ ልጅ አባት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበርና የክር ትርፍራፊ ያመጣላቸው ነበር። ክሩ ኳሱን ያቀለዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ውሃ ግን ከጨርቅ ይበልጥ ይስባል። በዚያው ፋብሪካ ስም የሚጠራው ክለብ በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ነው፤ ለልጆቹ ፋብሪካው በክለቡም በትርፍራፊውም የኳስ ምንጭ ነበር ማለት ይቻላል።

የጨርቅ ኳስ አይነጥርም። አሸዋ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ በጨርቅ ኳስ ዘመን በቴስታ የገባ ጎል የለም ብሎ መነሳት ይቻላል። አንድ ሰው «በቴስታ አገባሁ» ካለ የሚያወራው የቆዳ ኳስ ከመጣ በኋላ ስለነበረው ጊዜ ነው። ይህችን መለኪያ ይዘው ድምፆቹን እንደገና ሲያዳምጡ፣ ያለ ቅደም ተከተል ይነገሩ የነበሩ ግጥሚያዎች በሁለት ጎራ ተከፈሉ፦ ከቆዳው ኳስ በፊትና በኋላ።

ማሊያውን የሰፋችው

የቆዳው ኳስ ባለቤት «ቡድኑን የመሠረትኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ነገሩ ሚዛን ይደፋል፤ በየሰፈሩ ባለኳስ ያለው ሥልጣን ይታወቃል። ካልመረጡት ኳሱን ይዞ ይገባል፤ ከተናደደ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

ይህን ያፈረሰችው ተጫዋች ያልሆነች ሴት ናት። የበረኛው ታላቅ እህት ቁጥሮቹን በመርፌ የሰፋች ስትሆን እስከዚያ ድረስ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነበር፦ «ዘጠኝ ቁጥር ነው የሰፋሁላችሁ፤ የዱቄት ከረጢቱ አለቀ። እናንተ ልጆች ደግሞ ጨምሪ እያላችሁ በራችን ላይ ቆማችሁ አመሻችሁ።» ፎቶው ላይ ቁጥር ያላቸው ልጆች ዘጠኝ ናቸው። ቁጥር ከሌላቸው ሁለቱ አንደኛው ባለኳሱ ነው። እሱ ቡድኑ ውስጥ የገባው ማሊያው ከተሰፋ በኋላ ነው ማለት ነው። ባለኳሱ ድምፁን ሲሰማ «እትዬ ካለች ይሁን» ብሎ ተወው።

እህትየው ሌላም ቁልፍ ሰጠች። ማሊያውን የሰፋችው በባቡር አዲስ አበባ ለሥራ ከመሄዷ በፊት ነው፤ የቅጥር ደብዳቤዋ ደግሞ መስከረም 1969 ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት በቤት ውስጥ ሳይጣል መቆየቱ ዕድል ነው፤ በዚህ ዓይነት ሥራ ግን መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የጥምቀት ወይም የክትባት ካርድ፣ የባቡር ሠራተኛ መታወቂያ የሰው ትዝታ የማይሰጠውን ቀን ይሰጣሉ።

ዓመቱ

አሁን ፎቶውን በሁለት ወገን ማጠር ተቻለ። «ቀበሌ» የሚለው ጽሑፍ የታችኛው ወሰን ነው፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት የተቋቋሙበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 1967 ነው። ከዚያ በፊት የቀበሌ ማሊያ ሊኖር አይችልም። የላይኛው ወሰን የሶማሊያ ጦርነት ነው። ነሐሴ 1969 ውጊያው ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ፎቶው ላይ ካሉት የሁለቱ ልጆች ቤተሰብ በዚያን ጊዜ ከተማውን ለቀቀ፤ ልጆቹም ቡድኑ ውስጥ ተመልሰው አልታዩም። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ የሰፈረው «1968 ወይም 1969» ነው። «1968» ብቻ ይሁን የሚሉ ነበሩ፤ ለጆሮ ያምራል፣ የአፍሪካ ዋንጫ ዓመት ነው። ግን ማስረጃው እስከዚያ አይደርስም።

በአፍሪካ ዋንጫው ዙሪያም አንድ ትዝታ ተስተካክሏል። ሁለት ሰዎች «ድሬዳዋ ስታዲየም ኢትዮጵያ ስትጫወት አይተናል» ብለዋል። የ10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲትና መጋቢት 1968 ሲካሄድ ድሬዳዋ የአንዱ ምድብ አስተናጋጅ ነበረች፤ በዚህ ምድብ የተጫወቱት ግን ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ዩጋንዳ የተጫወቱት አዲስ አበባ ነው። ድሬዳዋ ላይ የ1974 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ወጣች፤ ሞሮኮና ናይጄሪያ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፉ፤ ዋንጫውን በመጨረሻ ያነሳችው ሞሮኮ ናት። ሁለቱ ሰዎች ስታዲየም ገብተው ነበር ማለታቸው ውሸት አይደለም። አረንጓዴ ለባሾቹን አይተዋል፤ የኢትዮጵያን ጨዋታ ደግሞ በሬዲዮ ሰምተዋል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ተሰፍተው ሳይቆዩ አልቀሩም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር «ውሸትህን ነው» ብሎ መቁረጥ ሰውየውን ዝም ያሰኘዋል። «አረንጓዴው የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ራሳቸው አርመዋል።

ፎቶው ጥግ ላይ የተንበረከከውን ልጅ «እኔ ነኝ» የሚሉ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ፊቱ ደብዝዟል። የዳኘው የጫማው ጥያቄ ነው። ልጁ ሸራ ጫማ አድርጓል። ፎቶውን ሳያዩ በተቀዳው ድምፅ አንደኛው «ሸራ ነበረኝ፣ የግራው አውራ ጣት የተቀደደ» ብሏል፤ ሌላኛው «እስከ ሰባተኛ ክፍል በባዶ እግሬ ነው የተጫወትኩት» ብሏል። ፎቶውን አስቀድመው ቢያዩት ኖሮ ሁለቱም ሸራ ይሉ ነበር።

መገናኘቱ

የጋራ ውይይቱ የተካሄደው በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሰው ሰብስቦ በርጫ አይዘርጋ ማለት አይቻልም። ልምድ ያላቸው ግን ቅጂውን ቀድመው ይጨርሳሉ። እዚህም እስከ 9 ሰዓት የተቀዳው ጠቃሚ ሆነ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ የተቀዳው ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚስማማበት፣ ጎሉም የሚበዛበት ስለነበር ለጽሑፉ አልዋለም። ስልኩ መሀል ላይ፣ ከማራገቢያው ርቆ መቀመጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በማራገቢያው ድምፅ ተበላሽቷል።

ሜዳውን ቦታው ላይ ሄዶ ለማሳየት የተደረገው ሙከራ አልሠራም። ወንዙ በየጎርፉ አሸዋውን ያዛውራል፤ ሰባቱ የሣሏቸው ካርታዎች በወረቀት ላይ ቢመሳሰሉም፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ ሦስት የተለያየ ስፍራ ጠቆሙ። ያስማማቸው የድልድዩ ርቀት ብቻ ነው።

ግጥሚያው በጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀመረ፤ 3 ሰዓት ካለፈ የድሬዳዋ ፀሐይ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ሰባት ለሰባት፣ በግማሽ ሜዳ፣ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ በመሀል 10 ደቂቃ እረፍት፤ ተቀያሪ እንደፈለጉ፤ መንሸራተትና ከኋላ መግባት ክልክል። የደም ግፊት ቀድሞ ተለካ፤ ሁለት ሰዎች ከሜዳው ውጭ ሆነው ዳኝነት ያዙ። ያም ሆኖ አንድ ሰው በስምንተኛው ደቂቃ ባቱን ያዘ። ያላሟሟቀ እሱ ብቻ ነበር። በጨርቁ ኳስ በባዶ እግር ለመጫወት የታሰበው ቀረ፤ ኳሱ ለፎቶ ብቻ ዋለ።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ወጥቶለት ታትሟል። የተረጋገጡት ዘጠኝ ስሞች ከነቦታቸው ሰፍረዋል፤ በሕይወት ለሌሉት መስቀልም ጨረቃም ሳይደረግ ከሌሎቹ እኩል ተጽፈዋል፤ ሁለቱ ደግሞ «ያልታወቀ» ተብለዋል። ድምፆቹ በሁለት ፍላሽና በአንዱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ መተው ስልክ ሲጠፋና ሲቀየር ያከስራል። የ10 ለ8ቱ ግጥሚያ አሸናፊ ክፍት ተትቷል። እስካሁን የተጠየቁት የከዚራ ልጆች ብቻ ስለሆኑ፣ የቀጣዩ ዙር ጥያቄ ከመጋላ ወገን በሚገኙ ሁለት ሰዎች ይጀምራል፤ ፎቶውንም ውጤቱንም አስቀድሞ እንዳይነግሯቸው ለሁሉም ተነግሯል።